ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ የፈረስ ትምህርት፣ ሱሉልታ አካባቢ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፤ እግሮቹ ይገታተራሉ። ሱሉልታ አካባቢ የፈረስ ትምህርት ላስጀምረው ነው። ምን ልይ? በአገር ኮርቻ ቢጀምርስ?

ፊዚዮቴራፒስት፦ መጀመሪያ ሐኪሙ ዳሌውን በራጅ ይይለት፤ መገጣጠሚያው ከቦታው ከሸሸ መቀመጡ ይጎዳዋል። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ፈረሱን ይስባል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው የልጁን ጭን ይደግፋሉ። ሄልሜት ግዴታ ነው። ፈረሱ በእርምጃ ብቻ ይሂድ፤ ጥቅሙ ያለው እዚያ ነው፣ የጀርባው ውዝዋዜ የልጁን ዳሌ ልክ እንደሚራመድ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። በሶምሶማ ግን ጡንቻው ይብስ ይገታተራል። ለጅምሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል።

የፈረስ አሰልጣኝ፦ የአገር ኮርቻ ከፊትና ከኋላ ከፍ ስለሚል የሚደግፍ ይመስላል፤ እንጨቱ ግን የፈረሱን ሙቀትና እንቅስቃሴ ያግዳል። የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት እርካብማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ልጁ ሲወድቅ ጣቱ ከተያዘ ይጎተታል። ወፍራም ምንጣፍና መያዣ ያለው ጠፍር ይሻላል። ጠፍሩን ከጥቂት ደቂቃ እርምጃ በኋላ ደግመው ያጥብቁ፤ አንዳንድ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፣ በኋላ ጠፍሩ ይላላል።

ጠያቂ፦ ፈረሱስ እንዴት ያለ ይሁን?

የፈረስ አሰልጣኝ፦ ጉግስ የለመደ እንዳይሆን! የልጁ እግር ሳያስበው ሲጨብጠው «ጋልብ» የተባለ መስሎት ይፈተለካል። ጎኑን ጫን ብለው ይሞክሩት፤ ከተነሳ ሌላ ይጠይቁ።