ሁለት 3090 እና የፍራንክፈርት የመብራት ሂሳብ

የቦርንሃይሙ

ሰላም ጌመሮች። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሰሞኑን የዓመቱ የመብራት ሂሳብ መጣልኝ። ጀርመን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየወሩ በግምት ትከፍላለህ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጣሪው ይነበብና ወይ ይመልሱልሃል ወይ ናኽጻሉንግ፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍያ፣ ይጭኑብሃል። እኔ ላይ የተጫነው ከ400 ዩሮ በላይ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዞር ብላ ኮምፒውተሩን ብቻ አየችው።

ማሽኑ ይሄ ነው፦ ሁለት አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ፣ መሃላቸው ሁለቱን የሚያገናኝ ኤንቪሊንክ ብሪጅ፣ 1200 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ 4ኬ 120 ኸርዝ ሞኒተር፣ ጎኑ ላይ ለዲስኮርድ የምጠቀምባት ትንሽ 60 ኸርዝ ሞኒተር። ሁለተኛውን ካርድ የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈሩ ቀርቶ ማይነሮቹ ያላቸውን ሁሉ ሲያወጡ ነው። ዋጋው አጓጓኝ፣ ገዛሁት፣ ሰካሁት።

አሁን ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ገዝቼ ለካሁ። ምንም ሳልሠራበት ዴስክቶፕ ላይ ቁጭ ብሎ 135 ዋት ይጎትታል። ተራ ጌም ስጫወት በአንዱ ካርድ 530 አካባቢ ነው። ሁለቱንም ካርድ አሳምሮ የሚያሠራ ያገኘሁት ሼዶው ኦፍ ዘ ቱም ሬይደርን ነው፤ እሱ ላይ 880 ይደርሳል፣ አልፎ አልፎ 900ን ነካ ያደርጋል። የምከፍለው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 38 ሴንት ነው።

ማታ ማታ አራት ሰዓት ያህል እጫወታለሁ። ማሽኑን አላጠፋውም፤ የቤቱ ፊልም በሙሉ እሱ ላይ ስለሆነ ቲቪው የሚያነበው ከእሱ ነው።

ጥያቄዬ፦ ሁለተኛውን ካርድ ልሽጠው? ወይስ ሁለቱንም ሸጬ አንድ አዲሱን ካርድ 5090 ገዝቼ ከመብራቱም ልቀንስ? በነገራችን ላይ በብርዱ ወራት ክፍሉን ስለሚያሞቅልኝ ሂተር አልከፍትም። ይሄ ትንሽ አያካክስም?


ዋት_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ መልሱ እዚያው ጽሑፍህ ውስጥ አለ። እስቲ እናባዛው።

አራት ሰዓት በ530 ዋት ስትጫወት 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ማሽኑ ሃያ ሰዓት በ135 ዋት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ 2.7። አየኸው? ከምትጫወትበት የማትጫወትበት ይበልጣል። በዓመት በ38 ሴንት ስናሰላው ጌሙ 295 ዩሮ አካባቢ ይመጣል፣ ባዶውን የሚያቃጥለው 375። ባለቤትህ ኮምፒውተሩን ማየቷ ልክ ናት። ግን አንተ ስትጫወት ሳይሆን ስትተኛ ብታየው ነበር የሚያስደነግጣት።

ደግሞ 135 ዋት ለባዶ ማሽን በዛ። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ሁለቱ ሞኒተሮች ናቸው። ፍጥነታቸው የተለያየ ሞኒተር ስታገናኝ የካርዱ ሚሞሪ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነቱ መውረድ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ትንሿን ነቅለህ መለኪያውን ተመልከት፤ ቁጥሩ ዘጭ ካለ ጉዳዩ እሱ ነው። ሁለተኛው ካርድም ሥራ ፈትቶ ሃያ፣ ሃያ አምስት ዋት ሳይወስድ አይቀርም። ቀን ከሌት ሲበራ ይሄ ብቻውን በዓመት 80 ዩሮ ገደማ ነው፤ ያውም ለምንም።

አሁን ወደ ካርዱ። ለጌም ከሆነ የሁለት ካርድ ዘመን አልፏል። ሁለት ካርድ ማጣመሩን የድሮው ካርድ ሠሪ 3ዲኤፍኤክስ በቩዱ 2 የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ ብሎ መለሰው፣ ተፎካካሪው ኤቲአይ በዓመቱ ክሮስፋየርን አመጣ። ያኔ ሦስትና አራት ካርድ የሚደረድር ሰው ነበር። በ2016 ከ1080 ጋር ኤንቪዲያ ራሱ ከሁለት በላይ አልደግፍም አለ። በ30ዎቹ ትውልድ የብሪጅ ቦታ የቀረው ከላይኞቹ ከ3090ዎቹ ላይ ብቻ ነው። ከጥር 2021 ጀምሮ ደግሞ ለድሮዎቹ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ለየጌሙ የሚዘጋጅ ቅንብር) መሥራት አቆመ። በቀጣዩ ትውልድ 4090 ላይ ብሪጅ የምትሰካበት ቦታ ራሱ የለም። ያንተ 3090ዎች ጌም ላይ አብረው የሚሠሩት የጌሙ ሠሪ ራሱ ደክሞ በዳይሬክትኤክስ 12 ወይም በቩልካን ከጻፈላቸው ብቻ ነው። እንደዚያ የደከመ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው።

ለምን ተውት ካልከኝ፣ ሥራውን ለሁለት መክፈሉ ራሱ ነው ችግሩ። የተለመደው አሠራር አንዱ ካርድ ጎዶሎውን ፍሬም፣ ሌላው ሙሉውን በየተራ እንዲሥል ነበር። የዛሬ ጌም ግን እያንዳንዱን ፍሬም ሲሠራ ካለፈው ፍሬም ይበደራል። ጠርዝ ማለስለሻው ቲኤኤም ሆነ ምስሉን በኤአይ የሚያጎላው ዲኤልኤስኤስ የቀድሞውን ምስል ይፈልጋሉ። ያ ምስል ያለው እዚያኛው ካርድ ሚሞሪ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዱ እስኪገለበጥለት ይጠብቃል። ተራ በተራ ሲሠሩም አንዱ ፍሬም በ8 ሚሊሰከንድ፣ ቀጣዩ በ25 ይመጣል። ቁጥሩ 60 ፍሬም ይልሃል፣ ዓይንህ ግን መንተፋተፉን ያየዋል። ሚሞሪውም አይደመርም፤ ሁለቱም ካርድ ላይ ያው አንድ ዓይነት ዳታ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ጌሙ የሚያየው 48 ሳይሆን 24 ጊጋ ነው።

5090 ግዛ አትግዛ የራስህ ጉዳይ ነው፣ አሪፍ ካርድ ነው። መብራት ለመቆጠብ ብለህ ግን አትግዛው። ብቻውን 575 ዋት የተፈቀደለት ካርድ ነው። ለቁጠባ ከሆነ ነፃ መንገድ አለልህ፦ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የ3090ህን የኃይል ገደብ ከ350 ወደ 270 አውርደው፣ ፍሬሙን ደግሞ 90 ላይ ቆልፈው። ከፍጥነቱ የምታጣው ጥቂት ፐርሰንት ነው፤ የመጨረሻዎቹ 80 ዋቶች የሚሠሩት ሥራ እምብዛም ነው። 530ው 420 ቢሆንልህ እንኳ በዓመት 60 ዩሮ ኪስህ ውስጥ ቀረ።

የሙቀቱ ነገር እውነት ነው፣ ከሶኬት የወጣው ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ግን ሂተርህ የጋዝ ከሆነ ጋዝ ከመብራት በብዙ ይረክሳል፤ በውዱ እየሞቅክ ርካሹን ዘግተሃል ማለት ነው። ሐምሌ ላይስ? ፍራንክፈርት ኤሲ ያለው አፓርታማ መቼም ብርቅ ነው።

እኔ ያለሁት አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። እዚህ መብራቱ ካንተ በጣም ይረክሳል፣ ችግሩ ሶኬቱ ነው። 120 ቮልት በ15 አምፔር 1800 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከ1440 በላይ እንዲስብ አይመከርም። ልጄ 900 ዋት በሚስብ ማሽን እየተጫወተ እናቱ እዚያው መስመር ላይ 1500 ዋት ሂተር ስትሰካ ብሬከሩ ጧ ይላል። ከዚያ ጩኸት። አንተ በ230 ቮልት ከዚህ ተገላግለሃል።


ሬንደር_ዱባይ

ዋት ቆጣሪ ያሉት ለጌም ልክ ነው። ሁለት ካርድ ሞቷል ሲባል ግን እኔ ቅር ይለኛል፤ እንጀራዬ ነው።

የሕንፃ ምስል ነው የምሠራው፣ ብሌንደር ላይ። ምስሉን የሚያወጣው የብሌንደር ክፍል ሳይክልስ ሁለቱንም ካርድ አንድ ላይ ያሠራል፤ የሬንደሩ ሰዓት ወደ ግማሽ ይጠጋል። ኤንቪሊንክ ካለ ደግሞ ትልቁን ሲን (የሚሣለውን ትዕይንት) ለሁለቱ ሚሞሪ ማከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ካርድ ላይ የማይገባው ሲን ይገባል። እዚህ የቀድሞውን ፍሬም የሚለምን የለም፣ እያንዳንዱ ካርድ ድርሻውን ሠርቶ ያስረክባል።

እኔም ሁለት 3090 ነው ያለኝ፣ ሁለቱንም 260 ዋት ላይ ገድቤያቸዋለሁ። ደንበኛ ልዩነቱን አያውቀውም፣ እኔም በሰዓቱ ብዙም አላየሁበትም። ዱባይ ውስጥ የምትከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ለካርዱ፣ አንዴ ካርዱ ያወጣውን ሙቀት ከክፍሉ ጎትቶ ለሚያስወጣው ኤሲ። ለሦስት ዋት ሙቀት ኤሲው አንድ ዋት ገደማ ይጨምርብሃል። ስለዚህ ከካርዱ የቀነስኩት ከኤሲውም ይቀነስልኛል።

የቦርንሃይሙ፣ ሬንደር ካልሠራህና ኤአይ ምናምን ካልሞከርክበት ካርዱ አንተ ጋ ተቀምጦ አይጠቅምህም። ሽጠው።


የጀሞ_ጌመር

ኧረ 38 ሴንት! እኛ ጋ መብራት በእኛ አቆጣጠር እስከ 2011 ድረስ ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ነበር፤ የኢትዮጵያ ሳንቲም ነው የምላችሁ። አሁን ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ እየወጣ ነው። ደግሞ ፍጆታህ ሲያድግ የአንዱ ዋጋም አብሮ ያድጋል፤ ጌመር ሁሌ ላይኛው እርከን ላይ ነው። ቢሆንም ካንተ ጋር አይወዳደርም።

የእኛ ራስ ምታት ሌላ ነው። ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ዋት ለማግኘት ብዙ አምፔር ይጎትታል፤ ኤክስቴንሽኑን በእጅህ ብትነካው ይሞቃል። እዚያው ላይ መብራት ድርግም ይላል። ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ነው የሚመጣው። ያለ ስታቢላይዘር ትልቅ ካርድ መሰካት እብደት ነው። ስታቢላይዘር ስትገዙም በላዩ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፣ እጥፍ ግዙ። ተራ ዩፒኤስ ደግሞ 900 ዋት ስትጭንበት ጌሙን ሴቭ ለማድረግ እንኳ አያደርስህም።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል፣ ፋኑ ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ፈረንጅ ዩቲዩብ ላይ 65 ዲግሪ ያሳየው ካርድ እኛ ጋ ከፍ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው የሚያወጣን።

ከሂሳቡ ሁሉ ያሳቀኝ ግን የምጣዱ ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የወንድማችን ኮምፒውተር ግን ባዶውን ተቀምጦ ብቻ በሳምንት 19 ገደማ ይበላል። የእኔ እናት ይሄን ብትሰማ ምን እንደምትል አልነግርህም።


የቦርንሃይሙ

የምጣዱን ለባለቤቴ እንዳታሳዩብኝ።

ትንሿን ሞኒተር ነቀልኳት። 135 የነበረው 98 ሆነ! ሞኒተሯ ራሷ ለብቻዋ ነው የተሰካችው፣ ስለዚህ ይሄ ከካርዱ ብቻ የወረደ ነው። ወደ 60 ኸርዝ ሁለቱንም አስተካክዬ መልሼ ስሰካት 101 ላይ ቆመ። ጌም ስከፍት ብቻ ዋናውን 120 አደርገዋለሁ።

የኃይል ገደቡንም 270 አድርጌዋለሁ፣ ልዩነት አልታየኝም። ፋኑ እንዲያውም ጸጥ አለ።

ማሽኑን ሳልጫወት ማጥፋት ግን አይሆንልኝም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቲቪው ላይ ካርቱናቸውን ካላገኙ የሚጮኸው ለእኔ ነው፣ ሥራ ቦታ ድረስ ይደወላል።


ዋት_ቆጣሪ

ለካርቱን 3090 ሁለት? ተው እንጂ። ፊልሞቹን ኤን100 ፕሮሰሰር ያላት ሚኒ ፒሲ ላይ አዛውራቸው። ያቺ 10 ዋት እንኳ ብትወስድ ዓመቱን ሙሉ በርታ 33 ዩሮ ነው። ሁለተኛው ካርድ ሲሸጥ እሷን ገዝቶ ይተርፋል። ትልቁን ማሽን ስሊፕ ላይ አድርገው፣ የሚወስደው ሁለት ሦስት ዋት ነው። ሌሊት ራሱን እየቀሰቀሰ ካስቸገረህ ዊንዶውስ ላይ ማሽኑን በሰዓት የሚቀሰቅሱትን ዌክ ታይመሮች አጥፋቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማውሱና የኔትወርክ ካርዱም ይቀሰቅሱታልና እነሱንም ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ከልክላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ካርዱን የምትሸጠው ለገንዘቡ ብለህ ይሁን። ማሽኑ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ከበራ የሁለተኛው ካርድ ባዶ ፍጆታ በዓመት 14 ዩሮ ነው፤ ናኽጻሉንጉን ያመጣብህ እሱ ብቻ አይደለም። ስትሸጠው ከማይነር እንደተገዛ ንገራቸው፣ ከጀርባው ያለውን የሚሞሪ ቴርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ) መቀየር አለመቀየርህንም። የ3090 ከኋላ ያለው ሚሞሪ በጣም ነው የሚግለው፣ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።


ሬንደር_ዱባይ

የቦርንሃይሙ፣ ካርዱን የምትሸጥ ከሆነ ብሪጁ ብቻውን ምንም አይሠራልህም። ባለ ሦስት ስሎት ነው ባለ አራት? ባለ አራት ከሆነ ለሌላ ሰው ቃል እንዳትገባ፤ ጓደኛዬ ሁለተኛ ማሽን እየሠራች ነው፣ በውስጥ መስመር ዋጋህን ጻፍልኝ።