ምርመራው ሁሉ ነጻ ነው ይላል፣ ሆዴ ግን አላሳረፈኝም፤ አይቢኤስ (ምርመራ ላይ ጉዳት ሳይታይ የሚያውክ የአንጀት ሕመም) ያለባችሁ ምን ትበላላችሁ?

የሰልፍ_ሰው

ሰላም ቤተሰብ። 31 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ማስተናገድ ነው። ሆዴ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ነገሩ የጀመረው ክፍለ ሀገር ሠርግ ሄጄ ክፉኛ ካስቀመጠኝ በኋላ ነው። ተቅማጡ በሳምንቱ ቆመ፣ ሆዴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጠዋት ይቆርጠኛል፣ ሁለት ሦስቴ እመላለሳለሁ፣ ከወጣልኝ በኋላ ቀለል ይለኛል። ከሰዓት ደግሞ ይነፋና ቀበቶዬን መፍታት ያምረኛል። ይጮሃልም! ደንበኛ ፊት!

ያልተባልኩት በሽታ የለም። አሜባ ተባልኩ፣ ጃርዲያ ተባልኩ፣ ታይፎይድ ተባልኩ፣ ጨጓራማ እንደ ሁለተኛ ስሜ ሆነ። በየክሊኒኩ መድኃኒት ተሸክሜ ወጥቻለሁ። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሰገራ፣ ደም፣ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ)፣ አልትራሳውንድ ሁሉንም አሳየኝና አይቢኤስ ነው፣ አይገድልህም፣ ጭንቀት ቀንስ፣ የሚስማማህን ብላ ብሎ ሸኘኝ። የሚስማማኝን ባውቅ እሱ ጋ ምን ወሰደኝ?

በራሴ ወተት ትቻለሁ፣ በርበሬ ትቻለሁ፣ ሥጋም ትቻለሁ። 4 ኪሎ ቀንሻለሁ። በየቀኑ የምበላው አልጫ ሽሮ ነው፣ እሱም ይነፋኛል! እናቴ ደግሞ በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት በማር ታቀርብልኛለች፤ እምቢ ማለት ከበሽታው ይከብዳል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆዴ እንዳይጀምረኝ ብዬ ቁርስ ሳልበላ ነው የምወጣው፤ ይህ ከተማ መንገድ ላይ ሽንት ቤት እንደሌለው የምታውቁት ነው። አንድ ወር ተኩል ቆይቶ ሁዳዴ ይገባል። 55 ቀን በሽሮና በምስር እንዴት ነው የምዘልቀው?

አልጫ_ወዳጅ

በርበሬውን ለጊዜው እርሳው። ጠላትህ ያ የምትተማመንበት አልጫ ሽሮ ይመስለኛል።

እኔ ስድስት ዓመቴ ነው። አንተ የሠራኸውን ስህተት አንድ በአንድ ሠርቼዋለሁ። ሆዴን ሲያመኝ መጀመሪያ የማስበው የሚያቃጥለውን ነበር፣ ምክንያቱም ጨጓራ ነው ስባል ነው ያደግኩት። በርበሬና ሚጥሚጣ አንዳንዱን ሰው በእርግጥ ያባብሱበታል። ግን የብዙዎቻችንን ሆድ የሚነፋው ሌላ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ ትንሹ አንጀት አፍርሶ የማይመጥጠው የስኳር ዓይነት አለ። እሱ ሳይፈርስ ወደ ታችኛው አንጀት ይወርዳል፣ ውሃ ይስባል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፣ ጋዝ ይሆናል። ጋዝ ሁሉም ሰው ላይ አለ። የኛ አንጀት ግን ሲወጠር ቶሎ ይሰማዋል፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለውን መነፋት እኛ ቁርጠት ብለን ነው የምንቀበለው።

እስቲ ሽሮህን አስበው። ሽምብራ ነው። ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ሲሠራ ደግሞ ሽንኩርት ተቁላልቶለታል። ሦስቱም በአንድ ድስት! ይህን በቀን ሁለቴ እየበላህ ነው ለሆዴ ቀላል ነገር ያዝኩ የምትለው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ አትፈር።

ፎድማፕ የሚባል የአመጋገብ ዘዴ አለ፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን ያለው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ነው ያወጣው። ሐሳቡ እነዚህን የሚቦኩ ነገሮች ከ2 እስከ 6 ሳምንት መተው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያምህ መለየት ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ግማሽ ይሠራና ሁለተኛውን ይረሳዋል፣ ከዚያ ሩዝ በድንች እየበላ ዕድሜውን ይጨርሳል። መመለሱ ነው ዋናው። ነጭ ሽንኩርት ስትሞክር ሦስት ቀን እሱን ብቻ፣ መጠኑን ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ። ከዚያ ጥቂት ቀን አሳርፈህ ወደ ሌላው። ማስታወሻ ያዝ፣ የማስታውስ መስሎህ እንዳትሸወድ።

ያለ ሽንኩርት ወጥ አይበላም የምትል ከሆነ ሁለት ዘዴ ልንገርህ። አንደኛ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትደቁሰው ዘይት ላይ አሙቀውና ፍሬውን አውጥተህ ጣለው። ያ ስኳር ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ጣዕሙ ይቀራል፣ በሽታው ይወጣል። ውሃ ካስነካኸው ግን አይሠራም። ዘይቱንም በዕለቱ ጨርሰው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲከርም ይመረዛል። ሁለተኛ፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ቅጠል ብቻ ከትፈህ ተጠቀም። እና የገበያ በርበሬ ስትመልስ ተጠንቀቅ፣ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። እኔ በርበሬ አይስማማኝም ብዬ ዓመት ሙሉ ስማረር የቆየሁት ለካ በዚያ ነው፤ ንጹሕ የተፈጨ ዛላ በልኩ ስጨምር ምንም አይለኝም።

ተረኛ_ነርስ

ከላይ ያለው ጥሩ ነው። ግን ከምግብ በፊት ልጠይቅህ። ሰገራህ ላይ ደም አይተህ ታውቃለህ? ሌሊት ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል? ትኩሳት ወይ የደም ማነስ አለ? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ያለበት አለ? 4 ኪሎው የቀነሰው ምግብ ስለተውክ ነው ወይስ እየበላህ? እየበላህ ከሆነ ወይም ከነዚህ አንዱ ካለ አይቢኤስ ብለህ አትቀመጥ፣ ነገ ተመለስና ንገራቸው። ከ50 በኋላ እንደ አዲስ የጀመራቸው ሰዎችም እንዲሁ፣ ሌላ የሚያነብ ካለ።

ደግሞ ዳቦ ከመተውህ በፊት የሴሊያክ (ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) የደም ምርመራ ተሠርቶልህ እንደሆነ ጠይቅ። ስንዴ እየበላህ ካልሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ከሠርጉ በኋላ መጀመሩ አልገረመኝም። ኢንፌክሽን አንጀትን ከነካ በኋላ ከ10 ሰው 1 ያህሉ ላይ አይቢኤስ ይቀራል። ተሐዋሲው የለም፣ አንጀቱ ግን ቁጡ ሆኖ ይቀራል። እና እባካችሁ፣ ሆድ በጮኸ ቁጥር ሜትሮኒዳዞል (የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት) ከፋርማሲ መግዛት ይብቃ። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራም ብቻውን ብዙ አያስተማምንም።

ቁርሱን በተመለከተ። ምግብ ሆድ ሲገባ ታችኛው አንጀት ይነቃል፣ ሰው ሁሉ ላይ ያለ ነው። አንተ ባዶ ሆድህን ትወጣና 4 ሰዓት ላይ በቡና ነው የምትቀሰቅሰው፣ ምሳ ላይ ደግሞ የሁለት ሰው ታነሳለህ፣ አይደል? ያ ነው ደንበኛ ፊት የሚጮኸው። 40 ደቂቃ ቀድመህ ተነሳ። ቤትህ ትንሽ ብላ፣ ቡናህን ከምግቡ በኋላ አንዲት ስኒ፣ ከዚያ ሳትቸኩል ሽንት ቤት ተቀመጥ፣ ከዚያ ውጣ። መጀመሪያ ሳምንት ላይሠራ ይችላል። አንጀት ሰዓት ይለምዳል።

የልጆች_እናት

ልጄ፣ እናትህን አትቃወም። ነጭ ሽንኩርት በማር የማያድነው የለም፣ እኛ በሱ ነው ያደግነው። ፌጦም ሞክር። ጭንቀት ምናምን የሚሉህን ተው፣ ሆድህን ብርድ ነው የመታው።

አልጫ_ወዳጅ

እማማ፣ እርስዎን መቃወሜ አይደለም፣ የኔም እናት እሱን ነበር የሚሰጡኝ። ለጉንፋን ያርግልዎ። ለዚህ ልጅ ሆድ ግን ነጭ ሽንኩርት አንዱ ዋና ቀስቃሽ ነው፣ የማር ስኳርም ሲበዛ እንዲሁ ያስነፋል። ሁለቱን ቀላቅሎ በባዶ ሆድ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ግን እኔም አላውቅም።

የልጆች_እናት

እንግዲህ እናንተ ተምራችኋል። ተልባስ?

ተረኛ_ነርስ

ተልባ እሺ እማማ፣ እሱ ላይ እንስማማለን። ውሃ ሲነካው የሚሙለጨለጨው ዓይነት አሰር ለድርቀትም ለመነፋትም ይረዳል። በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ፣ በደንብ ውሃ ይጠጣበት፣ በትንሹ ይጀመር። የስንዴ ገለባ ያለበት ዳቦ ግን ብዙዎችን ያባብስባቸዋል። አሰር ሁሉ አንድ አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ እንጀራ ለምን ያሳምመኛል እያልኩ ስንት ጊዜ ተቸገርኩ። ለካ ከሱቅ የምገዛው ግማሹ ስንዴና ገብስ ነው፣ ጤፍ እንደ ቅመም ነው ጣል የሚደረግበት። ንጹሕ ጤፍ ስቀይር በግማሽ ቀለለኝ። አዲስ አበባም ከሌላ እህል ጋር የሚደባለቅ አለ ስለሚባል የምትገዛበትን ጠይቅ። ሌላው ስኳር የለሽ ማስቲካ ነው። ውስጡ ያለው ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ ያስቀምጣል፣ እኔ በሥራ ሰዓት አንድ ፓኬት እጨርስ ነበር። ጋዝ ያለው ውሃም ለሆድ ጥሩ ነው እየተባለ ይጠጣል፣ ለሚነፋው ሰው ጋዝ በጋዝ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ብቻውን ያልረዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ሐኪም ጠይቁ። ለኔ በጣም አነስተኛ መጠን አሚትሪፕቲሊን ነው የታዘዘልኝ። የድብርት መድኃኒት ነው ብዬ ስድስት ወር ሳልጀምረው ቀረሁ፤ ለካ በዚያ መጠን የአንጀትን ሕመም ስሜት ለማብረድ ነው የሚሰጠው። 2023 ላይ የእንግሊዝ አገር ትልቅ ጥናት ውጤት ወጥቶ ከማስመሰያው ክኒን በልጦ ተገኝቷል። ጀመርኩ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ። ሐኪም ካላዘዘላችሁ እንዳትነኩት።

ተረኛ_ነርስ

የጾሙን ረሳሁት። ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። ሆድህን የሚጎዳው የጾም ምግብ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ቆይቶ ከዚያ አንድ ጊዜ መሙላት። ምግቡማ ሞልቷል። ድንች በካሮት አልጫ በእርድና በዝንጅብል፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሩዝ፣ ከፍሬ ብርቱካንና ፓፓያ፣ ሙዝ ብዙ ሳይበስል። ምስር ስትመልስ ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው፣ ቀቅለህም ውሃውን ድፋው፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ። ጭልፋ አላልኩም።

ደግሞ ተንቀሳቀስ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነህ። ከሥራ ስትመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ወርደህ በእግርህ ሂድ።

የሰልፍ_ሰው (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ለነርሷ፣ ደም የለም፣ ሌሊትም አይቀሰቅሰኝም፣ ኪሎው የቀነሰው ስለፈራሁ ነው፣ አንዱን መልሻለሁ። የሴሊያኩም ነጻ ነው።

ሽንኩርቱን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን 3 ሳምንት ተውኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ የለም፣ ተናድጄ ልተወው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ቀበቶዬን ሳልነካ ዋልኩ፣ ያወቅኩት ማታ ነው። ቁርሱን ቤት መብላት ስጀምር በአራት ቀን ውስጥ ሁለቴ አርፍጄ ገባሁ፣ አለቃዬ ገላመጠኝ፣ ከዚያ ተስተካከለ። አሁን ከቤት ስወጣ ጨርሼ ነው የምወጣው። ሰልፉ ላይ አሁንም እፈራለሁ፣ ግን ያ የድሮው ላብ የለም።

ከዚያ መመለስ ጀመርኩ። በወተት ነው የጀመርኩት፣ ማኪያቶ። ሦስት ቀን ጠጣሁ። ምንም! ሁለት ዓመት ሙሉ ማኪያቶ የተውኩት በከንቱ ነው፣ ይሄ ከምንም በላይ አናደደኝ። ነጭ ሽንኩርት ግን በሁለተኛው ቀን ደፋኝ። እሱ ነው ሰውዬው። ምስር እንደተባለው ሁለት ማንኪያ ይሄዳል። ሽሮ ገና አልሞከርኩም፣ ፈራሁት።

የንስሐ አባቴ ሰዓቱን ቀንስ፣ ሥጋ ወደሙን አትተው ብለውኛል፤ ስለዚህ በ6 ሰዓት እበላለሁ። እናቴ ጋ ያለው ጦርነት ግን አላለቀም። ነጭ ሽንኩርቱን ትታዋለች፣ አሁን የባሮ ሽንኩርቱ ነጩ ለምን ይጣላል ብላ ተቆጥታ፣ እኔ ሳላይ ድንቹ ውስጥ ጨምራው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩ። ነጩን ምን ላድርግላት?

አልጫ_ወዳጅ

ለቤተሰቡ ወጥ ይግባ፣ ያንተ ድስት ለብቻ ትሁን። ትንሿን ድስት ራስህ ግዛና ስምህን ጻፍባት፣ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሽሮውን ስትሞክር ቅዳሜ አድርገው፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ እና ንገረን።