ለንጉሡ ታምነው የቀሩትን አሜሪካውያን «ባንዳ» ማለት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የሰናይት እናት፣ ቶሮንቶ

ሰላም ለቤቱ። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ፣ በአሜሪካ አብዮት ጊዜ በእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ላይ አናምፅም ብለው ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ካናዳ ስለተሰደዱት ሰዎች ጠየቀችኝና ሳላስብበት «ባንዳዎች ነበሩ ማለት ነዋ» አልኳት። እሷ ግን በመማሪያ መጽሐፏ የኦንታሪዮ መሥራቾች ተብለው በክብር ተጽፈው ስላገኘቻቸው፣ ባንዳ ማለትም ምን እንደሆነ አያቷ በደንብ ስለነገሯት፣ ግራ ተጋባች። እነዚህን ሰዎች በአማርኛ ምን ብንላቸው ይሻላል? ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው ከንጉሡ ጋር የቆሙትስ ለምንድን ነው?

መላሽ፦ ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ ቃሉ አይገጥምም። ባንዳ የምንለው ከውጭ ለመጣ ወራሪ ያደረን ሰው ነው፤ በ1775 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ግን ጆርጅ 3ኛ በአሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ሹማምንት በስሙ የሚምሉበት ሕጋዊ ንጉሥ ነበር፤ ዓመፀኞቹም ራሳቸው ተኩስ ከተጀመረ በኋላ እንኳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ ታማኝ ተገዢዎችህ ነን የሚል አቤቱታ ልከውለታል። እኔ «የንጉሡ ወገኖች» ብል እመርጣለሁ። የታሪክ ሊቃውንት ከነጩ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህል እንደነበሩ ይገምታሉ፤ ወደ 19,000 የሚሆኑትም በንጉሡ ክፍለ ጦሮች ተሰልፈው ተዋግተዋል።

ምክንያታቸው አንድ አልነበረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሲሾም ለንጉሡ ይምል፣ በየእሑዱም ስለ ንጉሡ ይጸልይ ስለነበር፣ ያን ጸሎት መተው ለእሱ መሐላ ማፍረስ ነበር። በኒው ዮርክ የሊቪንግስተን ርስት ጭሰኞች ደግሞ በ1777 ለንጉሡ የተነሡት በዘውድ ፍቅር አይመስለኝም፤ ባለርስቱ ከዓመፀኞቹ ጋር ስለነበር፣ ንጉሡ ካሸነፈ የሚያርሱት መሬት የራሳቸው ይሆናል ብለው ተስፋ በማድረግ ነው። የመሬትን ነገር ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ የፍራንክሊን ቤት ነው። የቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ዊልያም የኒው ጀርሲ ገዥ ነበር፤ የተሾመውም አባቱ ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት ደጋፊ በነበረበት ዘመን ነው። በ1776 ዓመፀኞቹ ይዘው ኮኔቲከት አሰሩት። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቱ ኤልሳቤጥ በጠና ታማ ሳለች ሄዶ ሊያያት ቢለምን የዓመፀኞቹ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ፣ ከለከለው፤ እሷም ሳያያት ሞተች። አባትየው በኑዛዜው ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በኖቫ ስኮሺያ ያለውን መሬትና ቀድሞውኑ በልጁ እጅ የነበሩትን መጻሕፍትና ወረቀቶች ብቻ ሲተውለት፣ ምክንያቱ ልጁ በጦርነቱ ጊዜ በእሱ ላይ መቆሙ እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል።

መላሽ፦ ከሃሊፋክስ

መምህር ያሉት ለነጮቹ ይሠራል። እኔ በምኖርበት በኖቫ ስኮሺያ ግን ንጉሡን የተከተሉት ጥቁሮችም ታሪክ አለ፤ ለእነሱ «ታማኝ» የሚለውም ቃል ያንሳቸዋል። በኅዳር 1775 የቨርጂኒያው ገዥ ሎርድ ደንሞር፣ ከዓመፀኛ ጌታው ሸሽቶ ለንጉሡ መሣሪያ ለሚያነሣ ባሪያ ነፃነት እንደሚሰጥ አወጀ። ደንሞር ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ስለነበር ነገሩን ለጽድቅ ያደረገው አይደለም። ያቋቋመውን ጦር «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ማለቱ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን «ኢትዮጵያዊ» ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር። ብዙዎቹን የፈጃቸው ጥይት ሳይሆን ፈንጣጣ ነው።

በ1783 እንግሊዞች ኒው ዮርክን ሊለቁ ሲሰናዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ያመለጡት ባሮች እንዲመለሱ ጠየቀ፤ ጄኔራል ጋይ ካርልተን ግን ነፃነት የተሰጣቸውን አልመልስም ብሎ ስማቸውን በመዝገብ አስጻፈ። በመዝገቡ 3,000 ያህል ሰዎች ዕድሜያቸው፣ መልካቸው፣ የቀድሞ ጌታቸውና የተሳፈሩበት መርከብ ሳይቀር ሰፍረዋል። በአንዱ መስመር ላይ ሃሪ ዋሽንግተን፣ 43 ዓመት፣ የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት የነበረ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ጥሎት የሄደ የሚል ይነበባል።

ሃሪ ከመርከብ ወርዶ የሰፈረው በኖቫ ስኮሺያ፣ ሼልበርን አጠገብ ባለችው በርችታውን ነው። መሬቱ ድንጋያማ ነበር፤ በ1784 ደግሞ ከጦሩ የተሰናበቱ ነጮች፣ እነዚህ በርካሽ እየሠሩ ሥራችንን ወሰዱብን ብለው በሼልበርን ሃያ ያህል የጥቁሮች ቤቶችን አፈራረሱ። በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት በ15 መርከብ ከሃሊፋክስ ተነሥተው ወደ ሴራሊዮን በመሄድ ፍሪታውንን መሠረቱ። ሃሪም አብሯቸው ሄደ፤ በ1800 የሰፈራው ኩባንያ በጣለው የመሬት ግብር ላይ ካመፁት መካከል ተገኝቶ ከከተማው ተባረረ። የንጉሡ ወገን የነበረው ሰው በስተርጅናው በግብር ምክንያት አመፀ ማለት ነው!

መላሽ፦ ተመልካች

ልጅሽ በመጽሐፏ ያየችው ክብር ዘግይቶ የመጣ ነው። የ1783ቱ የፓሪስ ውል አንቀጽ 5 የተወረሰው ንብረት እንዲመለስ ኮንግረሱ ለየግዛቶቹ «ያሳስባል» ከማለት አላለፈም፤ ግዛቶቹም አብዛኞቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ወደ 60,000 ሰው ተሰደደ። ወደ ኖቫ ስኮሺያ የገባው ስለበዛ በ1784 ግዛቱ ተከፍሎ ኒው ብራንስዊክ ተፈጠረ። ከላይ የተጠቀሰው ካርልተን ሎርድ ዶርቸስተር ተብሎ ካናዳን ሲገዛ፣ በ1789 ለእነሱና ለዘሮቻቸው የክብር መለያ የፈቀደላቸው እሱ ነው። አብዛኞቹ የንጉሡ ወገኖች ግን የትም አልሄዱም፤ አፋቸውን ዘግተው በአዲሱ አገር ኖሩ።

ጠያቂ፦ የሰናይት እናት፣ ቶሮንቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «የንጉሡ ወገኖች» በሚለው ተስማምተናል፤ ልጄም ጽሑፏን ስለ ሃሪ ዋሽንግተን ልታደርገው ነው። ትናንት በስልክ ለአያቷ ይህንኑ ስታስረዳ ግን እናቴ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ጣልያንም እኮ ንጉሥ ነበረው» አሏት።