መቼትን በቃል ማቆም፦ የ1962ን ጎጃም ያለ ረጅም ገለጻ እንዴት ማሳየት ይቻላል?

ጀማሪ ብዕር፦
የምጽፈው ልብ ወለድ መቼቱ 1962 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያለ ገጠር ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በግማሽ ገጽ የመልክዓ ምድር ገለጻ ይከፈታል። የቦታ ስሞቹ ቢቀየሩ ግን ታሪኩ ወሎም ሊሆን ይችላል፣ አርሲም፣ የዛሬም። ቋንቋው ራሱ ዘመኑንና አገሩን እንዲናገር ምን ላድርግ? ንግግሩንስ በጎጃም አነጋገር ልጻፈው?

አርታኢ፦
ግማሽ ገጹን ቆርጠው ይጣሉት። «አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰ መስክ» የሌለበት አገር የለም። መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወጣ ቃል ነው፤ ሁለቱንም የሚሸከሙት ስምና ግሥ ናቸው፣ ቅጽል እምብዛም አይረዳም።

ከጊዜ ይጀምሩ። «ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል» የከተማ ሰው ጊዜ ነው፤ ለገበሬው «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ነው። «ጥቅምት 12» ካሉ ቀን ነገሩን፤ «የጥቅምት ሚካኤል» ካሉ ግን ቀኑንም ደብሩንም ነገሩን። መሬቱን በጥማድ፣ እህሉን በቁናና በዳውላ ይስፈሩት። «አረሰ» ከሚሉ «አየመ» ይበሉ፤ ማሳው ሁለተኛ እርሻ ላይ መሆኑ፣ ወቅቱም አብሮ ይታወቃል።

ይህን ይመልከቱ፦ «ምሽት ነበር። መንደሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ቸኮል በጣም ደክሞት ነበር።» ሦስት «ነበር»፣ አንድም የሚታይ ነገር የለም። አሁን ደግሞ፦ «ከብቶቹ ገብተዋል። ቸኮል ሞፈር ቀንበሩን ከትከሻው አውርዶ፣ ከአጥሩ አስደግፎ፣ ‹ውሃ አምጭልኝ እስቲ› አለና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ።» ድካም የሚል ቃል የለበትም። «አውርዶ፣ አስደግፎ» የሚለው የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት የሰውየውን እንቅስቃሴ ይዞት ይሄዳል፤ «ነበር» ሲደጋገም ግን ሁሉም ነገር ቆሞ ይቀራል።

የቃል ዕድሜ፦
የአርታኢው ሐሳብ ትክክል ነው፤ እኔ በቃላቱ ዕድሜ ላይ ልጨምር። የ1962 ገበሬ ለአቤቱታ «ቀበሌ» ከሄደ ታሪኩ እዚያው ፈረሰ። የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መዋቅር የመጣው በ1967 በታወጁት የመሬት አዋጆች ነው። በእርስዎ ዘመን ያሉት ጭቃ ሹም፣ አጥቢያ ዳኛ፣ ምክትል ወረዳ፣ ወረዳ፣ አውራጃ ናቸው፤ ጎጃምም «ጠቅላይ ግዛት» እንጂ «ክፍለ ሀገር» አልሆነም። «ጓድ» ቃሉ ጥንትም ነበር፣ የማዕረግ መጥሪያ የሆነው ግን ከአብዮቱ ወዲህ ነው። ገጸ ባሕሪው አዲስ አበባ ከወረደ «ፒያሳ» ቢል ችግር የለም፤ ታሪኩ የ1920 ቢሆን ኖሮ «አራዳ» ማለት ነበረበት፣ «ፒያሳ» ከጣልያን ጋር የመጣ ስም ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረቂቁ ሲያልቅ የሹመት፣ የመሥሪያ ቤት፣ የገንዘብና የዕቃ ስሞችን ብቻ ለይተው ያውጡ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ መቼ እንደገባ ይጻፉ። ያልተረጋገጠውን ቃል ከታሪኩ ይሰርዙት።

አነጋገር፦
ስለ ጎጃም አነጋገር፦ ሁሉን እንደሚሰማው መጻፍ አንባቢን በየመስመሩ ያስቆማል። ሁለት ወይም ሦስት ምልክት መርጠው እስከ መጨረሻው ይጠብቋቸው፤ «ልጄ»ን «ልጀ»፣ «ሄጄ»ን «ሂጀ» ማለት ብቻውን ብዙ ይሠራል። ለአዛውንት «አንቱ» ይበሉ፤ «እርስዎ» በዚያ አፍ የቢሮ ጠረን አለው። ትልቁ ስሕተት ሌላ ነው። ገበሬው «ሂጀ» እያለ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ዳኛ «ሄጄ» ካለ፣ አነጋገሩ የአገር ምልክት መሆኑ ቀርቶ የድህነት ምልክት ይሆናል። ይህ ሰውን ማዋረድ ነው። ዳኛውም፣ ቄሱም፣ ባለርስቱም በአንድ አፍ ይናገሩ፤ ልዩነታቸው በቃል ምርጫ ይታይ፦ ቄሱ ግእዝ ጣል ያደርጋል፣ ዳኛው የችሎት ቋንቋ።

ጀማሪ ብዕር፦
እጅግ አመሰግናለሁ። «አየመ» ካልኩ ግን የከተማ አንባቢ ግራ አይገባውም?

አርታኢ፦
በቅንፍ አይፍቱት፣ የግርጌ ማስታወሻም አያድርጉበት። ፍቺውን ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይቅበሩት፦ «ጎረቤቱ ሠልሶ ጨርሷል፤ እሱ ገና እያየመ ነው።» እርሻን የማያውቅ አንባቢም ሰውየው ወደ ኋላ መቅረቱን ያያል።