«ናሮድ» እና «ናሮድኖስት»፦ ብሔርና ብሔረሰብ ብንላቸው ያስኬዳል?

ተርጓሚው፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ ቀድሞዋ የመቄዶንያ ሶሻሊስት ሪፐብሊክ የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከስድስቱ የዩጎዝላቪያ ሪፐብሊኮች አንዷ የነበረችውን ማለቴ ነው። ጽሑፉ መቄዶንያውያኑን «ናሮድ» ይላቸዋል። እዚያው የሚኖሩትን አልባኒያውያንና ቱርኮች ግን «ናሮድኖስት» ነው የሚላቸው። ብሔርና ብሔረሰብ ብዬ ልለፈው ወይስ ነገር አለው?

ሰዋስው ወዳድ፦ ነገር አለው እንጂ! የኛ አንባቢ ብሔረሰብ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ቁጥሩ አነስ ያለ ሕዝብ ነው። እዚያ መለኪያው ቁጥር አልነበረም። በ1981 እ.ኤ.አ. ቆጠራ በመላው ዩጎዝላቪያ አልባኒያውያኑ ከመቄዶንያውያኑ ይበልጡ ነበር። እንዲያም ሆኖ ናሮድኖስት ነበሩ። ለምን? «እናት አገራቸው» ከድንበር ማዶ ነው ስለተባለ። ናሮድ የተባለ ሪፐብሊክ ይገባዋል፣ ናሮድኖስት የተባለ ቢበዛ ራስ ገዝ ነው፤ ኮሶቮ በሰርቢያ ሥር እንደነበረችው። በኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 39 ንዑስ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብን በአንድ ትርጉም ነው የጠቀለላቸው። ስለዚህ «ብሔር እና ብሔረሰብ» ብለህ ከጻፍክ ልዩነቱ ጭራሽ ይጠፋል።

ሸገር ነኝ፦ ቃሉማ ቀልድ አልነበረም። የ1974ቱ የመቄዶንያ ሕገ መንግሥት ሪፐብሊኳን የመቄዶንያ ሕዝብ፣ እንዲሁም የአልባኒያና የቱርክ ናሮድኖስቶች አገር ይላት ነበር። በ1989 ተሻሽሎ የመቄዶንያ ሕዝብ አገር ብቻ ሆነች። አልባኒያውያኑ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ክፉኛ ነው የተቀየሙት።

ተርጓሚው፦ እንግዲያው ናሮድኖስትን እንዳለ ትቼ መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር ላብራራው። መቄዶንያውያኑስ ናሮድ የተባሉት መቼ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ልጄ፣ ይሄኛውን ለኔ ተወው። ዩጎዝላቪያ በንጉሥ በምትገዛበት ዘመን አካባቢው «ደቡብ ሰርቢያ» ነበር የሚባለው። ቋንቋቸውን ሰርቦቹ የሰርብኛ፣ ቡልጋሮቹ የቡልጋርኛ ዘዬ ነው ይሉት ነበር። ቡልጋሪያ ዛሬም ክርክሩን አልተወችውም። ነሐሴ 2 ቀን 1944 እ.ኤ.አ.፣ በኤልያስ በዓል፣ ገና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ የፓርቲዛኖቹ፣ ማለትም ወራሪዎቹን የሚዋጉት ደፈጣ ተዋጊዎች፣ ተወካዮች በፕሮሆር ፕቺንስኪ ገዳም ተሰበሰቡ። በኦቶማን ቱርኮች ላይ የ1903ቱ አመፅ የተነሣበት ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። አገሪቱን በዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን ውስጥ ያለች መቄዶንያ ብለው አወጁ፣ ቋንቋውንም የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አደረጉት። ልብ በል፣ ቋንቋው ሲታወጅ የጸደቀ ፊደል እንኳ የለውም! ፊደሉ የጸደቀው በግንቦት 1945 ነው። በመሃል ፊደሉን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ በአንዲት ፊደል ተናቆረ። የኛን ሳድስ «እ» የመሰለች ድምፅ አለች። ገጣሚው ቬንኮ ማርኮቭስኪ ፊደል ይኑራት አለ። የቋንቋ ሊቁ ብላዤ ኮኔስኪ አይሆንም አለ። ፊደሏ ቋንቋውን ለቡልጋርኛ ታቀርባለች የሚለው ፍራቻም ነበረበት። ኮኔስኪ ረታ። ዛሬ ያቺን ድምፅ የግድ መጻፍ ሲያስፈልግ ከላይ ትንሽ ጭረት (’) ብቻ ነው የሚያደርጉት።

ተርጓሚው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ልጠይቅ፤ አንዳንድ ቦታ «ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ይላል፣ አንዳንድ ቦታ «ሶሻሊስት ሪፐብሊክ»። የደራሲው ዝርክርክነት ነው?

ሸገር ነኝ፦ አይደለም። እስከ 1963 ሕዝባዊ፣ ከዚያ በኋላ ሶሻሊስት። ዓመቱን ብቻ እያየህ ሂድ።

ተርጓሚው፦ 1963 ካላችሁ አይቀር፣ የዋና ከተማዋ የስኮፕዬ መሬት መንቀጥቀጥም ጽሑፉ ውስጥ አለ። ከ1,000 በላይ ሰው የሞተበት። የባቡር ጣቢያው ሰዓት 5፡17 ላይ ቆሞ ቀረ ይላል፣ ፎቶም አለው። ይሄንን በኛ አቆጣጠር ላድርገው?

ሰዋስው ወዳድ፦ ጉድ ፈላ! ዝም ብለህ 5፡17 ካልክ አንባቢህ ረፋድ ላይ ያደርገዋል። ከተማው ግን ገና አልነቃም ነበር። 11፡17 ካልክ ደግሞ ፎቶው ያሳጣሃል፤ የሰዓቱ አጭር ቆጣሪ 5 ላይ ነው። ታሪኩ ላይ «ንጋት 11 ሰዓት ከ17» በል፤ ከፎቶው ሥር «በአገሩ አቆጣጠር» ብለህ 5፡17ን ተወው።

ተርጓሚው፦ የመጨረሻዬ ነው። መስከረም 8 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ። የድምፅ መስጫው «ሳሞስቶይና መቄዶንያ»ን ይደግፋሉ ወይ ይላል። «ነፃ» ልበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ሳሞ» ራስ ነው፣ «ስቶይ» መቆም። አማርኛማ አለልህ፦ ራሷን የቻለች። «ነፃ» ካልክ ጨርሳ የሄደች ታስመስላታለህ። ጥያቄው እኮ ወደፊት በሚቋቋም የሉዓላዊ የዩጎዝላቪያ አገሮች ኅብረት የመግባት መብት እንደያዘች ይላል። በሩን ገርበብ አድርገው ነው የወጡት። «ሉዓላዊ» የምትለዋንም እዚያው ቦታዋ ላይ ተዋት፤ የምትገልጸው ኅብረቱ ውስጥ የሚገቡትን አገሮች ነው።