የአር ቪ 7 ኮፈኖ በምን ይታሰር?

ጥያቄ፣ ከዳላስ፦
በጋራዤ ውስጥ የምገጣጥመው አር ቪ 7 አውሮፕላን የሞተር ኮፈኖው ላይ ደርሷል። ሞተሩ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ነው። ከመገጣጠሚያው ዕቃ ጋር የመጣልኝ የፒያኖ ማጠፊያ (የሁለት ወገን ቀለበቶች ተጋጥመው ሽቦ የሚያልፍባቸው) ሲሆን፣ ሁለቱ የፋይበርግላስ ግማሾች እርስ በርስም ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል ከሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ጋርም በረጅም ሽቦ ይያያዛሉ። ከውጭ አንድም ብሎን አይታይም፤ ያምራል። ሽቦውን አስገብቶ ማውጣት ግን ከአሁኑ ላብ በላብ አድርጎኛል። በሩብ ዙር የሚከፈተውን ካምሎክ የሚባል መቆለፊያ ልግዛ ወይስ ተራ ብሎን ይበቃል?

መልስ፣ ከሲያትል፦
ወንድሜ፣ ማጠፊያውን ሙሉ በሙሉ አትጣለው። የእኔ አር ቪ 6 የጎኖቹ ማጠፊያ እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም። የተሰበረብኝ ከታች፣ የጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የአሉሚኒየሙ ቀለበቶች አንድ በአንድ ረገፉ። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር፤ ኮፈኖውን ሳወርድ ነው ስብርባሪውን ያገኘሁት። ያንን ቆርጬ አውጥቼ በማይዝግ ብሎን ተካሁት፤ ዳዶው ከውስጥ በሪቬት የተያዘ ነው። የጎኑን ሽቦ ጫፍ ደግሞ አደራ እሰረው! ወደ ፊት ከሾለከ የሚቀበለው ፕሮፔለሩ ነው።

መልስ፣ ከአትላንታ፦
እኔ በካምሎክ ወገን ነኝ። ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገባው የማቀዝቀዣ አየር የላይኛውን ኮፈኖ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ማሰሪያዎቹን አታራርቋቸው። እኔ በየ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ነው ያስቀመጥኩት። ዋናው ጣጣ የመቆለፊያው እግር፣ ማለትም ወደ መቀበያው የሚገባው ዘንግ፣ ርዝመት ነው። ካጠረ አይቆልፍም፤ ከረዘመ ኮፈኖው እየተንቀጫቀጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በእጅ የተሠራ ፋይበርግላስ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ውድ ቢሆንም ከውስጥ የሚስተካከል መቀበያ ያለውን ግዙ። ሲቆለፍ በመቆለፊያው አናት ላይ ያለው የመፍቻ ቦይ በየት አቅጣጫ እንደሚቆም በቀለም ምልክት አድርጉ። ከመብረር በፊት ያልተቆለፈው ከሩቅ ይለያል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፦
የጥገና ባለሙያ ነኝ። ብሎንን አትናቁ፤ ርካሽና ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። የብሎኑ አናት ፋይበርግላሱን እንዳይበላው ግን ጎድጓዳ ሮንዴላ ከሥሩ ያስፈልገዋል። እርስዎ ዘይት የሚለኩት በኮፈኖው ላይ ባለችው ትንሽ በር በኩል ስለሆነ ኮፈኖውን በየበረራው ማውረድ ግዴታ አይሆንብዎትም። ቢሆንም ለማውረድ አስቸጋሪ የሆነ ኮፈኖ ባለቤቱን ያሰንፋል፤ የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫም የሚገኘው ኮፈኖው ሲወርድ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ በጎን ማጠፊያ፣ ከላይ በግድግዳው ዙሪያ ካምሎክ፣ ከታች ብሎን ላደርግ ነው። የካምሎኩን እግር የምለካው ከቀለም በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ከአትላንታ፦
ቀዳዳውን ከቀለም በፊት ብሱ፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ከላይ መሐል ጀምራችሁ ወደ ግራና ቀኝ። የመጨረሻው ማስተካከያ ከቀለም በኋላ ይሁን፤ የቀለሙም ውፍረት ይቆጠራል።