ይቺ የሕንድ ሳሪ እንዴት ተሠራች? ሽመና የምታውቁ እርዱኝ

የሐይቅ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ አብራት የምትሠራ ሕንዳዊት የሰጠቻትን ሳሪ ይዛ መጣች። ቀይ ናት፣ ነጭና ጥቁር አራት ማዕዘን ጥለት አላት። አባቴ ሸማኔ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነጠላና ጋቢ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሳሪዋን ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋት፣ ገለበጣት፣ እንደገና ገለበጣት። ፊትና ጀርባዋ አንድ ነው። ጥለት እንዳይባል የተጨመረ ክር የለባትም፣ ሕትመት እንዳይባል ቀለሙ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። የጥለቱ ጠርዝ ደግሞ ቀጥ አላለም፣ ዘለል ዘለል ይላል፣ ውሃ የነካው ቀለም ይመስላል። «ይኼ የእጅ ሥራ ነው፣ ግን እንዴት?» ብሎ ሁለት ቀን አፋጠጠኝ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አባትህ ልክ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ስማር ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ፖቻምፓሊ የሚባል የሸማኔዎች አገር ነበር፣ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሥራው ኢካት ይባላል። ጥለቱን የሚይዘው ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው፣ ያውም ገና ሳይሸመን። ክሩ ይለካል፣ ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገው ቦታ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ይነከራል፣ ይፈታል፣ ለሚቀጥለው ቀለም ደግሞ እንደገና ይታሰራል። ማሰሪያቸው ምን መሰለህ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ የተቀደደ ላስቲክ ነው።

ጠርዙን እይ። ወደ ጎን ከዘለለ የታሰረው ማጉ ነው፣ ወደ ቁመቱ ከዘለለ ድሩ ነው። ጉጃራት ውስጥ ፓታን ከተማ ግን ሁለቱንም ያስራሉ። ፓቶላ ይሉታል። ድርና ማግ ሲገናኙ ቀለሙ በየቦታው መግጠም ስላለበት አንዷ ሳሪ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትፈጃለች። ሳልቪ የሚባሉ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው የያዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ትዝ ስለሚለኝ። ማጉ ከመታሰሩ በፊት በግማሽ ክብ በተተከሉ ችካሎች ላይ ወዲያና ወዲህ መዘርጋት አለበት። የሚዘረጉት ሴቶች ናቸው፣ ለአንድ ሳሪ እጃቸው ሺዎች ጊዜ ይመላለሳል። ቺንታኪንዲ ማሌሻም የተባለ የሸማኔ ልጅ እናቱ ትከሻቸውን ሲታመሙ እያየ አደገ፣ ቆይቶም ይኼን ሥራ የሚሠራ ማሽን ፈጠረና በእናቱ ስም ላክሽሚ ብሎ ሰየመው። በ2017 እ.ኤ.አ. የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የክብር ሽልማት ሸልሞታል።

እትዬ ጥለት፦
ደሴ ላይ ሸማ እሸጣለሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ የስም ነገር ነው። በከተማ ስም ካንቺፑራም የሚባለውን የሕንድ ሳሪ እዩት። ሐሩ በብዛት ከካርናታካ፣ የወርቅ ክሩ ከሱራት ነው የሚመጣው። ሳሪው ግን የካንቺፑራም ነው፣ ምክንያቱም እጁ የዚያ ነው። ጠርዙና ገላው በተለያየ ቀለም ስለሚሠሩ ሸማኔው ከወዲህ፣ ረዳቱ ከወዲያ ሆነው ሦስት መወርወሪያ እየወረወሩ ያያይዙታል። የሌሎቹ ሳሪዎች ስምም፣ ባናራስ፣ ቻንደሪ፣ ማሄሽዋር፣ ሁሉም የቦታ ስም ነው። ሕንዶች በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግ ደግሞ እነዚህን ስሞች ይጠብቃል።

እኔ ጋ የሐይቅና የወልዲያ ሸማኔ የሠራውን ነጠላ ዘርግቼ ደንበኛ ምን ይለኛል? «ይኼ የሽሮ ሜዳ ነው?» እኔም «አይደለም፣ ወሎ ነው የተሠራው» እላለሁ። ከዚያ ዋጋ ይቀንሳል። ይኼ ያቃጥለኛል፣ እውነቴን ነው። የሐይቅ ልጅ፣ የአባትህን ሥራ ስትሸጡ ስሙንም ቦታውንም ጻፉበት።

ባቲ ሰኞ፦
እትዬ እውነት ብለዋል፣ ግን ሕንድም ቢሆን አልጋ ባልጋ አይደለም። የኤሌክትሪክ መሸመኛው የእጁን ጥለት እየቀዳ በርካሽ ይሸጣል። በ1985 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ጨርቆች በእጅ ብቻ እንዲሠሩ ሕግ ቢያወጡም ማስከበሩ ከባድ ነው። የኛን ጥለትም በማሽን ተመትቶ ከውጭ ሲገባ እያየነው አይደል።

ሌላው የገረመኝ፣ እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች ወንድ ይሸምናል። በሕንድ አሳም ግዛት ግን ሸማኔዋ ሴቷ ናት፣ መሸመኛው እቤቷ ነው ያለው። በ2019-20 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ በመላው ሕንድ በእጅ ሽመና ሥራ ላይ ያሉት ወደ 3.5 ሚሊዮን ናቸው፣ ከ100 ከ70 በላይ ሴቶች።

የሐይቅ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለአባቴ አነበብኩለት። ሳሪዋን መልሶ ዘረጋና በጣቱ ጠርዙን ተከተለ። ወደ ጎን ነው የዘለለው። «ማጉን ነዋ!» አለና ሳቀ። እናቴ የፈተለችው ማግ አለ፣ ከሱ ትንሽ ቀንሶ ሊሞክር ነው። ነገ ጎማ ጠጋኙ ጋ ሄጄ አሮጌ ከመነዳሪ አመጣለታለሁ። እትዬ፣ ከሠራው እርስዎ ጋ ይዤ እመጣለሁ፣ የሐይቅ ብለን ጽፈንበት።